የእቴቴ እግርና የመኪናዋ ቁመት

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከመንገዱና ከኔ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ፈጣሪ ክንድህን ያበርታልህ፤ ለአለቃህም ልብ ይስጥልህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር እናትህ ከየት እንደምትመጣ አላውቅም፣ ጆሮዋ ከጆሮዬ ጋር ይለጠፋል። ከዚያ "አምጣው" ትላለች፤ ከዚያ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም" ትልሃለች፤ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። እውነቱን ከፈለግህ ከወረቀት ነው የምታገኘው።

እውነቱ ይኸውልህ። እቴቴ ቀኝ እግሯ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ቁስል ወጥቶባታል። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል እንዴት እንደሚከርም ታውቃለህ። ሐኪሙ በየሳምንቱ እየመጣች ይታጠብላት፣ ይጠረግላት ብሏል። ካልሆነ እግሩን እናጣዋለን አለኝ፣ እኔን ብቻዬን በሩ ላይ አስቀርቶ። ለሷ አልነገርኳትም፤ አንተም በስልክ እንዳያመልጥህ።

ችግሩ መንገዱ ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ከቤታችሁ በታች ያለውን መውረጃ ጠርጎት፣ አፈሩን ወስዶ ድንጋዩን ትቶልናል። የኔ አሮጌ ፎርዊል እዚያ ድንጋይ ላይ ስትደርስ ሆዷ ይቀመጥና ጎማዎቿ በባዶ ይሽከረከራሉ። የሆስፒታሉ መኪናም አንድ ቀን መጥቶ ድንጋዩን አየና ተመለሰ። ስለዚህ እናትህ ከቤት እስከ ድንጋዩ ማዶ በኔና በምርኩዟ ተደግፋ በእግሯ ትወርዳለች፣ ስንመለስ ያንኑ ዳገት ትወጣለች። ቁስሉ በየጉዞው ይከፈታል። ላድናት እየወሰድኳት አብሼባት እመለሳለሁ። ከተማ እኔ ጋ ትቀመጥ ብዬም ለምኛታለሁ። የቤቴን መውጫ አይታ "ይሄ ደረጃ ነው መሰላል?" ብላ ሳቀች። ደግሞም ቤቷን ጥላ እንደማትወጣ አንተም ታውቃለህ።

እና አሰብኩ። ድንጋዩ እንደሆነ አይነሳም፣ መኪናዋ ትነሳ። አንተ እዚያ ጋራዥ የምትሠራው ይኸው፣ መኪና ከፍ ማድረግ አይደል? ዱላ ይዤ ሄጄ ለካሁት። የአንድ መዳፍ ያህል ከፍ ብትልልኝ ሳልነካው አልፋለሁ። የኋላ ባሌስትራ፣ የፊት ሞላ፣ ከነአሞርዛተሩ፣ ከሥር የሚሸከማትን ሁሉ፣ እናንተ ጋ ሰው አስወልቆ የጣለው ካለ ላክልኝ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፤ ብረት ነው የጠየቅሁህ።

አክባሪ ወንድምህ፣ ሾፌሩ


ኅዳር 6

ለጋሼ፣

ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ጸጉርህ ሰላም ብያለሁ። እናቴን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ እንደሆነ ለምጄዋለሁ፣ እሱ ግን እኔን አልለመደኝም። ይህን እየቆምኩ ነው የምጽፍልህ፣ እዚህ ያለው ወንበር አይመቸኝም፤ ጽሕፈቴ ቢያስቀይምህ ይቅርታ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እግር እናጣለን የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንተ ባትኖርልን ኖሮ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ይህን ሁልጊዜ እላለሁ፣ ግን ሁልጊዜ እውነት ነው።

ስለ ብረቱ አታስብ። ከጋራዡ ጓሮ አንድ ሙሉ ዕቃ አግኝቼልሃለሁ። ባለቤቱ አስገጥሞት ሳምንት ሳይሞላው ቀለሙ አላማረኝም ብሎ አስወለቀው። አይግረምህ፤ እዚህ መኪናቸውን የሚያስነሱ ሰዎች ድንጋይ የሚያውቁት በሥዕል ነው። ባለፈው አንዱ ጭቃ ረግጫለሁ ብሎ ደንግጦ መጣና ሥሩ ይታይልኝ አለ። ጭቃው ጎረቤቱ አትክልት ያጠጣበት ውሃ ነው። እኛ ይሄን ሰምተን አንስቅም፣ ደመወዛችን ነውና።

ዕቃው አንተ ከለካኸው ትንሽ ይበልጣል፣ አንድ መዳፍ ተኩል ይሆናል። ልክህን ልፈልግ ብዬ ነበር፣ ግን ያ እስኪገኝ ጊዜ ይሄዳል። ትርፍ ቁመት አይጎዳም፣ ያለ ሐሳብ ታልፋለህ።

አሁን የምጽፈውን ሁለት ጊዜ አንብበው። በክሪክ ብቻ አትተማመን። ከሻንሲዋ፣ ከዋናው ብረቷ ሥር በሁለቱም ጎን ወፍራም ግንድ ሳታስገባ ጭንቅላትህም እጅህም ከሥሯ እንዳይገባ። አሮጌውን ባሌስትራ የያዙትን ቡሎኖች ቀድመህ ዘይት አጠጣቸው፣ ይደሩበት፤ በጉልበት ከታገልካቸው ይሰበሩብሃል። አዲሱን ስታስገባ መጀመሪያ ላላ አድርገህ ሰካ፣ መጨረሻ የምታጠብቀው መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ ክብደቷን ስትጥል ነው። የፍሬኑ ቱቦ ደግሞ ያጥርብሃል፤ ረጅሙን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሳጥኑ ግርጌ አድርጌልሃለሁ። እሱን ሳትቀይር አንድ እርምጃ እንዳትነዳ።

እኔን ለጊዜው ዕቃ ማደያ መስኮት ላይ አቁመውኛል፣ ሰው ጎድሎ ነው። እናቴን አደራ።

ታናሽህ


ታኅሣሥ 27

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

ዘመንህ ይባረክ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ሳጥኑ ደርሷል። ተሸክመው ያመጡት ሁለት ሰዎች "መድፍ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ።

በያጁን ታስታውሰዋለህ፣ ያንን በአንድ ዓይኑ እየጨፈነ የሚያወራውን። እሱን ይዤ ሥራ ጀመርን። ግንዱን እንዳልከው አስገባን። ቡሎኖቹ በዘይት አድረውም በቀላሉ አልላሉም፣ ሦስቱ ወጡ፣ አራተኛው እምቢ አለ። በያጁ ቡሎን መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ተንጠለጠለበት፤ ቡሎኑ ሳይሆን በያጁ ወረደ። በመጨረሻ በመጋዝ ቆረጥነው። አሮጌው ባሌስትራ ሲወርድ ልቤን ነካኝ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ጆንያ የተሸከመ ብረት ነው፣ መሐሉ ተሰንጥቆ እንኳ ዝም ብሎ ይሠራ ነበር። የፊቱ ሞላ ግን አስፈራን። እንደተጨመቀ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል ብሎ በያጁ በሰንሰለት ካላሰርኩት አልነካም አለ። ልክ ነበር።

ከዚያ ከግንዱ አወረድናትና በእግሯ ቆመች። ማሙሽ፣ አላወቅኳትም። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አያት። እኔም እንደ ሙሽራ አባት ዙሪያዋን ስዞር ነበር። ትርፍ ቁመት ካለ አይቀር ብዬ ከፍ ያለ ጎማም ገጠምኩላት፣ በያጁ ያረጀ መኪና ላይ የነበረውን ሰጥቶኝ።

ድንጋዩን አለፍኩት። ዝም ብዬ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሳትነካው። እናትህ በር ላይ ቆማ አየች። የዚያን ቀን ደክሞኝ ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ ድካም በየቀኑ ይምጣ።

እሷም ደህና ናት። እግሬ እየዳነልኝ ነው ትላለች። ሰላም ትልሃለች።

ወንድምህ፣ ሾፌሩ


ጥር 11

ለጋሼ፣

እንኳን እጅህን ሳይቆርጥህ ሳይፈጭህ ሥራውን ጨረስክ። ደብዳቤህን ለጋራዡ ልጆች እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። በያጁ ከቧንቧው ላይ የወደቀበት ላይ ስደርስ አለቃዬ ሳይቀር ሳቀ። ከሠራነው ሁሉ ድንጋይ ያለፈችው የመጀመሪያዋ መኪና ያንተ ናት አለ።

እንግዲህ ከፍ ያለች መኪና ስለሆነች መታጠፊያ ላይ ቀስ በል፣ የድሮዋ አይደለችም። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቅ። መሪዋ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ጻፍልኝ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ስለ ባሌስትራው ሁለት ገጽ ጻፍክልኝ፣ ስለ እግሯ አንድ መስመር። እሱም "ትላለች" የሚል ነው። እሷን እንደሆነ አውቃታለሁ፣ ቤት ቢፈርስባት አቧራ ነው ትላለች። ሐኪሙስ ምን አለ? አንተስ ቁስሉን በዓይንህ አይተኸዋል? አንድ ቃል ጻፍልኝና ልረፍ።

እግዜር ይስጥህ፣ ለሁሉም።

ታናሽህ


የካቲት 22

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም በማለቴ አትቀየመኝ። ሰላም ነህ ወይ? እኛስ እንዳለን አለን።

ልጽፍልህ ተቀምጬ ስንቴ እንደተነሳሁ አልነግርህም። መኪናዋ ከተነሳች ወዲህ እናትህ ሆስፒታል አልሄደችም።

እንዲህ ነው የሆነው። ድንጋዩን አልፌ ደጇ ድረስ ሄድኩ፣ በሩን ከፈትኩላት። ቀና ብላ አየችው። የመኪናዋ ወለል እሷ ወገብ ላይ ይደርሳል። ማሙሽ፣ ድንጋዩን ለካን፣ የመኪናዋን ሆድ ለካን፣ እናትህን የለካት ሰው የለም። እኔ ሾፌር፣ አንተ መካኒክ፣ እሱ በያጅ፤ ሦስት ወንዶች ተሰብስበን የታመመ እግር ላላት ሴት መኪና ከፍ አደረግን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይኼ ነው።

በርጩማ አመጣሁላት። በደህናው እግሯ ቆማ የታመመውን ስታነሳ በርጩማው ከዳት። ያዝኳት እንጂ ወድቃ ነበር። ከዚያ በኋላ በያጁ ከበሩ ሥር የብረት መረገጫ በየደልን፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ በመጀመሪያው ጉዞ ድንጋዩ ገንጥሎ አስቀረው። ከጉብታ ላይ አስጠግቼ ላስገባት አልኩ፤ ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ደግሞ ጉብታ የለም፣ መውረዱስ? አሮጌውን ባሌስትራ ልመልሰው ብል ሆዷ ተመልሶ ይቀመጣል። ዝቅ ባደርጋት ድንጋዩ፣ ከፍ ባደርጋት እግሯ።

እሷ ደግሞ ድኛለሁ ብላ ቁጭ አለች። ጨርቁን ራሷ ትቀይራለች፣ በር ዘግታ። እኔን አታሳየኝም። እውነት ለመናገር ላምናት ፈልጌ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር።

እናንተ ጋ የሚታጠፍ፣ መያዣ ያለው መረገጫ ካለ ላክልኝ፣ ስንነዳ የሚወጣ።

ወንድምህ


መጋቢት 8

ጋሼ፣

ሰላም ልበልህ እንጂ ሰላም የለኝም።

ሁለት ወር ሙሉ። ሁለት ወር ሙሉ ሐኪም ሳያያት፣ አንተ ላምናት ፈለግሁ ትለኛለህ። መረገጫውን ልኬልሃለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል፣ ባለሁለት እርከን ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መረገጫ ለምን ያስፈልጋል? ክንድ የለህም? አንዲት አሮጊት አንስቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል ነገር ነው? ጆንያ ስትጭን ነው የኖርከው። አቅፈህ አንሳት፣ አስቀምጣት፣ ንዳ። አለቀ። ብትጮህም ትጩህ።

እኔ አጠገቧ ብሆን ኖሮ አንድ ቀን አላሳድራትም ነበር።

ታናሽህ


ሚያዝያ 24

ለማሙሽ፣

ይህን ደብዳቤ ወደዚያ የሚበር ሰው አግኝቼ ነው የሰጠሁት፣ እጅህ ላይ ያስገባልሃል። መልስህንም ሲመለስ በእጁ ላከው።

አፍ ዳገት አይፈራም፣ ወንድሜ። ከዚያ ሆነህ አንሳት ማለት ቀላል ነው። ደብዳቤህን አንብቤ ተናደድኩ፣ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ንዴቱ ወጥቶልኛል፣ ድካሙ ግን አለ።

ላነሳት አልሞከርኩም ብለህ ነው? መረገጫህ ሲመጣ ሞከርን። መረገጫም ቢሆን በአንድ እግር መቆም ይጠይቃል፣ ሁለተኛው እርከን ላይ ስትደርስ ጮኸች። እቴቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ክንዴን ከጉልበቷ ሥር አስገባሁ። በእጇ ደረቴን ገፋችኝ። ምን እንዳለችኝ እስካሁን አልነገርኩህም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። "እኔን ሰው የሚያነሳኝ ከሆነ የወለድኩት ያንሳኝ፤ አለዚያ ሬሳዬን ታነሳለህ" አለች።

ታውቃለህ፣ አባቴ ሲሞት ከዚያ ቤት ገብቼ ከዚያው ቤት ነው ያደግሁት። እሷ ናት ያጠበችኝ፣ ያለበሰችኝ። አንድ ቀን እንኳ የባሌ ወንድም ልጅ ብላኝ አታውቅም። ያን ቀንም ቃሉን አልጠራችውም፣ ግን ሰማሁት። በግድ ላንሳት? ያሳደገችኝን ሴት እንደ ጆንያ አፍኜ ልጫናት? አንተ ብትሆን ታደርገው ይሆናል፣ መብቱ አለህ። እኔ አልቻልኩም።

ትናንት ከሆስፒታል አንዲት ነርስ ለምኜ አመጣሁላት። የኔ እንግዳ ነች ብዬ ዋሽቼ አስገባኋት፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሽታ ብቻውን ነገራት። ጨርቁን ስትፈታ እኔ ወደ ግድግዳ ዞርኩ። ውጭ ወጥታ "ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል፤ እዚህ የማደርግላት ነገር የለም፣ ቢላዋ ያለበት ቦታ መምጣት አለባት፤ በነዚህ ሳምንታት ውስጥ ካልመጣች ከጉልበት በታች ነው የሚሄደው" አለችኝ።

እስከ ዛሬ ባሌስትራ ላክልኝ፣ ሞላ ላክልኝ፣ መረገጫ ላክልኝ ስልህ ኖርኩ። አሁን ምንም ዕቃ አትላክ። አንተ ና። መጥተህ አንሳት፣ ከዚያ ብትፈልግ በማግስቱ ተመለስ።

ወንድምህ


ሚያዝያ 27

ለጋሼ፣ አብሮኝ አድጎ ላሳደገኝ ወንድሜ፣

ይቅር በለኝ። ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት በንዴት ነው፣ ንዴቱም ባንተ አልነበረም።

የመጣልኝ ሰው ሻንጣውን ሳያወርድ ደብዳቤህን ሰጠኝ፣ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። አሁን ሌላ ወረቀት ላይ ልዋሽህ ነበር፣ ፈቃድ ከለከሉኝ ልልህ። ጽፌም ቀደድኩት።

ጋሼ፣ እኔ ላነሳት አልችልም። ያንተን ደብዳቤ ከማግኘቴ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ አንዱን መኪና ክሪክ ብቻ ይዞት ከሥሩ ገባሁ። ቸኩለን ነበር፣ ግንድ የሚያስገባ አልነበረም፤ ለደንበኞች በየቀኑ የማወራውን ራሴ ተላለፍኩት። ክሪኩ ተንሸራተተ። አልሞትኩም፣ ግን ወገቤ ተሰበረ። አሁን በብረት ቆሟል። ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ እንዳላነሳ ተከልክያለሁ። ዕቃ ማደያው መስኮት ላይ ያቆሙኝ ሰው ጎድሎ አይደለም፣ እኔ ጎድዬ ነው። እየቆምኩ የምጽፈውም መቀመጥ ስለማልችል ነው። ያንን ሳጥን እንኳ ያሰሩልኝና የጫኑልኝ ልጆቹ ናቸው፣ እኔ በጣቴ ሳመለክት ነበር።

ለናንተ ያልነገርኩት እናቴ ስለምትጨነቅ ነው ብዬ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ እፍረት ነው። እናቴ ለሰው ሁሉ ልጄ መኪና ያነሳል ብላ ስታወራ እየሰማሁ፣ ልጅሽን ጫማውን ጎረቤቱ ነው የሚያስርለት ማለት አቃተኝ።

አሁን ግን ይህን ደብዳቤ ለሷ አንብብላት። ሳትዘል፣ ይህን ጭምር።

እማዬ፣ የወለድኩት ያንሳኝ ብለሻል አሉ። እኔንም አንስተውኛል። ሆስፒታል ሳለሁ ከኔ የምታንስ አንዲት ልጅ ነበረች፣ በየጠዋቱ አቅፋ ታነሳኛለች፣ ታጥበኛለች፣ መልሳ ታስተኛኛለች። የመጀመሪያ ቀን ፊቴን በትራስ ሸፈንኩ። ሁለተኛውንም ቀን ሸፈንኩ። አንድ ቀን ረስቼው ሳልሸፍን ቀረሁ። እሷን አላውቃትም ነበር፣ ስሜን እንኳ በትክክል አትጠራውም፣ ግን አሁን ቆሜ የምጽፍልሽ በሷ ክንድ ነው። አንቺን የሚያነሳሽ ባዳ አይደለም። በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ በጀርባው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው፣ አንቺ ከኋላ ነበርሽ። አሁንም እሱ ይሸከም። ልመጣ እመጣለሁ፣ ሐኪሙ መብረር ትችላለህ ያለኝ ቀን። ግን እግርሽ እኔን አይጠብቅም።

ጋሼ፣ አንብበህ ስትጨርስ ምንም አትበላት።

ታናሽህ


ግንቦት 24

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገብህን ፈጣሪ በምሕረት ይዳብስልህ። አንተን እንዴት ነህ ለማለት ከእንግዲህ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው የምጠይቀው፤ ተኝተህ ትነቃለህ ወይ? ሕመሙ በየት በኩል ነው? ማነው የሚያበስልልህ? ሁሉንም ጻፍልኝ፣ እሷም ትጠይቃለች።

ደብዳቤህን ይዤ ሄድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ እግሯን በርጩማ ላይ አድርጋ። የማሙሽ ደብዳቤ ነው፣ አንብብላት ብሎኛል አልኳት። "ምን ሆኗል?" አለች፣ ገና ሳልከፍተው። እናት እናት ናት። ክሪኩ ተንሸራተተ የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት። "ቀጥል" አለችኝ። ቀጠልኩ። ፊቴን በትራስ ሸፈንኩ ያልከውን ካነበብኩላት በኋላ መልሼ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። መልሼ አነበብኩት።

ስጨርስ ምንም አላልኩም፣ እንደ ትእዛዝህ። ወጥቼ በር ላይ ተቀመጥኩ። አለቀሰች ይሆናል፣ አላየሁም፣ ማየትም አልፈለግሁም። ከዚያ ከውስጥ "ያቺን ልጅ ማን ወለዳት?" አለች። የትኛዋን አልኳት። "ልጄን ታነሳ የነበረችውን" አለች። አላውቅም አልኳት። "እናቷን እግዜር ይባርካት" አለች። ቀጥላ ሻርፕ አምጣልኝ አለችኝ። ሰጠኋት። "በል ና" አለች።

አንድ ክንዴን ከጉልበቷ ሥር፣ አንዱን ከጀርባዋ አደረግሁ። ሻርፑን ፊቷ ላይ ጣለች። አነሳኋት። ማሙሽ፣ ቀላል ናት። ለመታገል ተዘጋጅቼ፣ እግሬን አንሰራፍቼ ነበር የቆምኩት፣ ልንወድቅ ምንም አልቀረን፣ ከባድ ትሆናለች ብዬ ስለነበር። ያቺ ሁላችንን ያዘዘች፣ የቀጣች፣ የመገበች ሴት ከመለዋወጫ ጎማ ትቀላለች። ይህን ባልጽፍልህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ካሁን በኋላ የምንደባበቀው ነገር አይኑር። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቀሚሷን አስተካከልኩላት፣ በሩን ዘጋሁ። ድንጋዩን ስናልፍ ከሻርፑ ሥር "አልነካም?" ብላ ጠየቀችኝ። አልነካም አልኳት።

ሁለቱ ጣቶች ሄደዋል። እግሩ ተርፏል። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ብትዘገዩ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው ብሎኛል። አሁን በየሳምንቱ እንወስዳታለን፣ እስኪጠግግ ድረስ። በጋው ሁሉ በከንቱ ያለፈውን ግን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም፤ የሷም ያንተም የኔም ጥፋት ነው፣ ተካፍለን እንሸከመው።

ሆስፒታል የመጀመሪያውን ቀንም፣ ሁለተኛውንም ሻርፑን ፊቷ ላይ ጣለች። ዛሬ ከሆስፒታል ስንመለስ ደጇ ላይ አቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ በመኪናዋ ዙሪያ ዞሬ ልከፍትላት ስሄድ በሩ ተከፍቷል። ሻርፑ ጭኗ ላይ ነው። ፊቷን ወደኔ አዙራ ሁለት እጆቿን ዘርግታልኛለች።

ወንድምህ፣ ሾፌሩ